ኢሊጋል ፒች ሲጠራ ምን ይደረጋል? በልጃገረዶች ፋስትፒች ሶፍትቦል ክርክርን የመዳኘት መመሪያ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ከለመደ ሰነበተ። ጨዋታው እግር ኳስ ከሆነ ችግር የለም። ሕጉን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ባናውቀውም እናውቃለን እንላለን። ልጅቷ ፋስትፒች ሶፍትቦል (ኳስ ከታች በፍጥነት እየተወረወረ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ከመረጠች ግን ነገሩ ይለያል። ዳኛው ድንገት ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ጎን ይዘረጋል። «ኢሊጋል!» ይላል፤ ኢሊጋል ፒች፣ ማለትም ሕግ የጣሰ ውርወራ ነው ማለቱ ነው። አሰልጣኞች ከዳጋውት (ቡድኑ ከሚቀመጥበት መጠለያ) ይወጣሉ፣ ወላጅ ይጮኻል። የ11 ዓመቷ ፒቸር (ኳሱን የምትወረውረው ልጅ) ደግሞ ኳሷን እንደያዘች መሃል ሜዳ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

ይህን የጻፍኩት በመጀመሪያ ሊጉ ዳኛ አጥሮት «እስቲ አንድ ቀን አግዘን» ተብለው ማስክ ለተሰጣቸው ወላጆች ነው። ቀጥሎም ቡድን ለሚያሰለጥኑ። ወንበር ላይ ለሚቀመጠውም ወደ መጨረሻው ጥቂት ነገር አለ፤ ላይወደው ይችላል።

ክርክሩ የሚከርረው ሕጉ ስለረቀቀ አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። አንዱ «ዳኛው ምን አየ?» ነው። ሌላው «ያየው ነገር በሕጉ ጥፋት ነው ወይ?» ነው። በእግር ኳስ እንየው። አጥቂው ከተከላካዩ አልፎ ነበር ወይስ አላለፈም ብለው የመስመር ዳኛውን ቢሟገቱት የሚለወጥ ነገር የለም። ኳሱ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ መጥቶ ሳለ ኦፍሳይድ ካነሳ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም፤ ዳኛው ሕግ ስቷል። ሶፍትቦልም ላይ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ዳኛው ጋ ያበቃል። ሁለተኛውን ግን መሟገት ይቻላል፣ ማሸነፍም ይቻላል።

ደረጃ 1፦ በየትኛው መጽሐፍ እንደምትጫወቱ ይወቁ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጥ የሶፍትቦል ሕግ የለም። ዩኤስኤ ሶፍትቦል የራሱ መጽሐፍ አለው። ይህ ድርጅት እስከ 2016 ድረስ ኤኤስኤ ይባል የነበረው ነው፤ አንዳንድ የድሮ አሰልጣኞች አሁንም «የኤኤስኤ ሕግ» ይላሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በኤንኤፍኤችኤስ መጽሐፍ ይጫወታሉ። ሰዎች ዩ ትሪፕል ኤስ ኤ የሚሉት ሌላ ነው፣ ፒጂኤፍ ሌላ ነው፣ ሊትል ሊግም የራሱ አለው። የሰፈር ሊግ ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ይይዝና ከላዩ የራሱን የውስጥ ደንብ ይጨምራል። ለምሳሌ ለትንንሾቹ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ሊል ይችላል።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። ሁለት ቦታ ላይ ትልቅ ጠብ ያስነሳል።

አንደኛው መዝለል ነው። በሴቶች ፋስትፒች ለረጅም ጊዜ ፒቸሯ ስትወረውር ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ ከሆኑ ጥፋት ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን የኮሌጁን ማኅበር ኤንሲኤኤን ጨምሮ ብዙዎቹ ይህን ፈቅደዋል። ሁለተኛው ቅጣቱ ነው። ድሮ ኢሊጋል ፒች ሲጠራ ለባተሯ (ኳሱን ለምትመታው ልጅ) አንድ ቦል (አራት ሲሞላ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚያስኬዳት ቆጠራ) ይቆጠራል፣ ቤዝ (ሯጮች በየተራ የሚደርሱባቸው ማረፊያዎች) ላይ ያሉት ሯጮችም እያንዳንዳቸው አንድ ቤዝ ይራመዳሉ። ብዙ መጻሕፍት የሯጮቹን እርምጃ አንስተው ቦሉን ብቻ አስቀርተዋል። ሕጉን ከአሥር ዓመት በፊት ተምሮ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ያልገለጠ አሰልጣኝ በሁለቱም ላይ በሙሉ ልቡ ይሳሳታል። ዳኛም እንደዚያው።

ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ባለው የአሰልጣኞችና የዳኞች ንግግር ላይ ይጠይቁ፦ የትኛው መጽሐፍ? የየትኛው ዓመት እትም? የሊጉ የውስጥ ደንብ ስለ ኢሊጋል ፒች የሚለው አለ? መዝለል ይፈቀዳል? ሯጮች ይራመዳሉ? ጥያቄዎቹ አንድ ደቂቃ አይፈጁም። ጨዋታው እኩል ሆኖ ሲያልቅበት ከሚነሳው የግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ ግን ያድናሉ። መጽሐፉን ስልክዎ ላይ ያውርዱት። የአወራወር ሕጉን በዩኤስኤ ሶፍትቦልም በኤንኤፍኤችኤስም ሕግ 6 ላይ ያገኙታል።

ደረጃ 2፦ ሜዳውን ይዩ

ይህ አጭር ነው። ፒቸሯ የምትረግጠው ነጭ ላስቲክ፣ ሁሉም ራበር የሚለው፣ 24 ኢንች ርዝመት አለው። ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከሆም ፕሌት (ባተሯ አጠገቡ ከምትቆመው ጠፍጣፋ ነጭ ላስቲክ) የኋላ ጫፍ እስከ ራበሩ የፊት ጠርዝ ያለው ርቀት እንደ ዕድሜው ይለያያል። ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች 35 ጫማ፣ ለ12 ዓመት ምድብ 40 ጫማ፣ ከ14 ዓመት ምድብ ጀምሮ 43 ጫማ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ጠዋት ትንንሾቹ፣ ከሰዓት ትልልቆቹ ሲጫወቱ ራበሩን ማንሳት ይረሳል። በሜትር መለካት ካልተቻለ በእርምጃም ቢሆን ይገምቱ።

ከራበሩ ፊት ያለውን ጉድጓድ ደግሞ በእግርዎ ይደልድሉት ወይም ሬክ ያስመጡ። ልጆቹ በየውርወራው ስለሚገፉበት ቶሎ ይቦረቦራል። ከጉድጓድ የምትነሳ ልጅ እግሯ ሳይዘል የዘለለ ይመስላል።

ደረጃ 3፦ ሕጋዊ ውርወራ ምን እንደሚመስል ዓይንዎን ያስለምዱ

ብዙ ሰው የሚያየው ክንዷን ነው። እንደ ወፍጮ ሲሽከረከር ዓይን ይስባል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ነው፣ ቀጥሎ እጅ ላይ፣ ክንድ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በቅደም ተከተል ይዩት።

መጀመሪያ አቋቋሟ። ራበሩን ትረግጣለች። የምትገፋበት እግር፣ ቀኝ እጇን ለምትጠቀም ልጅ ቀኝ እግሯ፣ የግድ ራበሩን መንካት አለበት። ሌላኛው እግር ላይ መጻሕፍቱ ይለያያሉ። አንዳንዱ ሁለቱም እግሮች ራበሩን ይንኩ ይላል፤ ሌላው ሁለተኛው ወደ ኋላ ቢሆንም ግድ የለውም። ሁለቱም ግን ከራበሩ ርዝመት ወደ ግራም ወደ ቀኝም መውጣት የለባቸውም። እጆቿ ተለያይተው ወደ ካቸሯ (ከባተሯ ጀርባ ሆና ኳሱን ወደምትቀበለው ልጅ) ታያለች፣ ምልክት ትቀበላለች፣ ወይም የምትቀበል ትመስላለች። አሁን አሁን አሰልጣኞች ከዳጋውት ቁጥር ይጠሩና ልጅቷ የእጅ አንጓ ካርዷን ታነባለች። ያም ቢሆን ራበሩን ከረገጠች በኋላ ምልክት መቀበል ወይም የምትቀበል መምሰል አለባት።

ከዚያ እጆቿ ይገጥማሉ። ገጥመው የሚቆዩት ከ1 ሰከንድ ላላነሰ፣ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከ12 ዓመት በታች ባሉት ላይ በብዛት የሚታየው ጥፋት እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ ትቸኩላለች፤ እጇ ጓንቱን ነካ አድርጎ ይሄዳል። በልብዎ ረጋ ብለው «አንድ» ይበሉ። ቃሉን ሳይጨርሱ እጇ ከተነሳ አልቆየችም። ወደ ኋላ መራመድ በሚፈቅዱ መጻሕፍት ደግሞ የኋላ እርምጃው እጆቿ ከመግጠማቸው በፊት መጀመር አለበት። ገጥመው ከቆዩ በኋላ ወደ ኋላ የምትራመድ ልጅ ጥፋት ሠርታለች።

ክንዱ እንደ ወፍጮ ሲዞር ከአንድ ተኩል ዙር መብለጥ የለበትም። ኳሱ ሲለቀቅ እጇ ከዳሌዋ በታች ነው፤ የእጅ አንጓዋም ከክርኗ ይበልጥ ከሰውነቷ አይርቅም። ክንዷ ጭኗን ዳሰስ አድርጎ ቢያልፍ ጥፋት አይደለም። አንዳንድ አሰልጣኞች በዚህ ይጮኻሉ፤ ይለፏቸው።

አሁን ወደ እግሯ። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ትራመዳለች። የራበሩን ሁለት ጫፎች ወደ ሆም ፕሌት በሐሳብዎ መስመር አድርገው ይሳቡ። የምትራመድበት እግር በዚያ 24 ኢንች ውስጥ ማረፍ አለበት። ኩርባ ኳስ የምትለማመድ ልጅ ብዙ ጊዜ እግሯን ከመስመሩ ውጪ ትጥላለች። ይህ በቀላሉ የሚታይ ስለሆነ ዳኛም አይከራከርበትም፣ አሰልጣኝም ብዙ አይሞግትም።

ከባዱ ክሮው ሆፕ የሚባለው ነው። ልጅቷ ራበሩን ገፍታ ትነሳለች፣ የገፋችበትን እግር ከራበሩ ፊት መሬት ላይ እንደገና ትተክላለች፣ ከዚያም ከዚህ ከሁለተኛው ቦታ ድጋሚ ገፍታ ትወረውራለች። ወደ ባተሯ ሁለት ሦስት ጫማ ተጠጋች ማለት ነው። ባተሯ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ተሰርቃለች። መዝለልን የፈቀዱት መጻሕፍትም ይህን አልፈቀዱም። እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። መዝለል ማለት ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ሆኑ ማለት ነው። ክሮው ሆፕ ማለት ሁለተኛ ግፊት አለ ማለት ነው። እግሩ አየር ላይ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁ፤ ከየት ነው የገፋችው ብለው ይጠይቁ።

አንድ የተለመደ ስህተትም ልጨምር። ፒቸሯ ክንዷን እያዞረች ኳሷ ከእጇ ብታመልጥ ኢሊጋል ፒች አይደለም። ለባተሯ አንድ ቦል ይቆጠራል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሯጮች በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ። ዳኛው ኢሊጋል ብሎ ከጠራው ሕግ ስቷል።

ደረጃ 4፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊናገሩት የማይችሉትን አይጥሩ

ዳኛ ከሆኑ ይህን ይያዙልኝ። ከመጥራትዎ በፊት ጥፋቱን በአጭሩ ለራስዎ ይንገሩ። «እጇን አላቆየችም።» «ከመስመር ወጣች።» «እንደገና ተክላ ገፋች።» እንዲህ ማለት ከቻሉ ይጥሩ። «የሆነ ነገር ትክክል አይመስልም» ብቻ ከሆነ አይጥሩ። የልጆች አወራወር መልኩ ብዙ ነው። አንዷ ትወዛወዛለች፣ አንዷ ትጎነበሳለች፣ አንዷ ከመወርወሯ በፊት ጉልበቷን ሁለት ጊዜ ታጥፋለች። ማስጠላት ጥፋት አይደለም።

ሁለት ዳኛ ካለ ሥራውን ይከፋፈሉ። ከካቸሯ ጀርባ ያለው የእጅ መግጠሙንና የእርምጃውን መስመር በደንብ ያያል። ቤዝ ላይ ሰው ሳይኖር በአንደኛ ቤዝ መስመር አጠገብ የሚቆመው ዳኛ ደግሞ ፒቸሯን ከጎን ስለሚያያት እግሯ እንደገና መተከሉን ከማንም የተሻለ ይለያል። ሁለቱም መጥራት ይችላሉ። ብቻዎን ከሆኑ ግን፣ በሰፈር ሊግ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዎን ነዎት፣ ከፊት ለፊት በማስክ ውስጥ ሆኖ ክሮው ሆፕን መለየት ከባድ መሆኑን ይቀበሉ። እርግጠኛ የሆኑበትን ብቻ ይጥሩ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በአንደኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ያለፉትን ነገር በስድስተኛው ኢኒንግ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ቆማ ሳለ ቢጠሩት፣ ትክክል ሆነውም ማንም አያምንዎትም። ፍትሕም አይደለም። በአንደኛው ኢኒንግ ይዩት፣ በአንደኛው ኢኒንግ ይናገሩት። ለሁለቱም ፒቸሮች በእኩል ዓይን።

በ10 ዓመት ምድብ፣ በሰፈር ሊግ ጨዋታ፣ እኔ መጀመሪያ ከመጥራት ማነጋገርን እመርጣለሁ። ኢኒንጉ ሲያልቅ ወደ አሰልጣኟ ጠጋ ብሎ «እጇን ትንሽ ታቆይ» ማለት በቂ ነው። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ራሷ በሚቀጥለው ኢኒንግ አስተካክላ ትመጣለች። ቡድኖች ገንዘብ ከፍለው፣ ሆቴል አድረው የመጡበት ውድድር ላይ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ባተሯም መብት አላት። ይጥሩት።

ደረጃ 5፦ ሲጠሩ ጨዋታውን አያቁሙ

ኢሊጋል ፒች ወዲያው ጨዋታ የሚያስቆም ጥሪ አይደለም። ግራ እጅዎን ጨብጠው ወደ ጎን ይዘርጉ፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ «ኢሊጋል» ይበሉ፣ እጅዎ እንደተዘረጋ ይቆዩና ያስጨርሱት። ባተሯ ልትመታው ትችላለች። ሆም ረን ልትመታው ትችላለች። «ታይም!» ብለው ቢያቋርጡ ያንን ከእሷ ይወስዱባታል። ፒቸሯ ጀምራ ኳሱን ሳትለቅ ካቆመች ብቻ ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 6፦ ቅጣቱን በሥርዓት ያስፈጽሙ

ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ።

ባተሯ ካልመታችው ቀላል ነው፦ አንድ ቦል ይቆጠራል። ሦስት ቦል ከነበራት ወደ አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች። ሁለት ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ ባተሯ አውት ሆና ትወጣለች) ኖሯት ኢሊጋሉን ሞክራ ብትስተው ስትራይክ አይቆጠርም፣ አልወጣችም፣ ቦል ነው። ወላጅ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ «ሞክራ የለም እንዴ!» ይላል። ኳሱ ሰውነቷን ከመታት ደግሞ እንደተለመደው አንደኛ ቤዝ ታገኛለች።

ባተሯ ከመታችው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ12 ዓመት ምድብ ነው። የወጣ የለም። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች። ባተሯ ሁለት ቦልና አንድ ስትራይክ አላት። ፒቸሯ ኳሱን ለቀቀች፣ ዳኛው እጁን ዘረጋ። ባተሯ ወደ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ወደምትቆመው ተከላካይ) መሬት ለመሬት መታች። ኳሱ ወደ አንደኛ ቤዝ ተወረወረ፣ ባተሯ ወጣች። ሯጯ እስከዚያ ሦስተኛ ቤዝ ደርሳለች።

አሁን ዳኛው የባተሯን ቡድን አሰልጣኝ ይጠራና ምርጫውን ያቀርብለታል። የሆነውን መቀበል ይችላል፦ አንድ ሰው ወጥቷል፣ ሯጭ ሦስተኛ ቤዝ ላይ። ወይም ቅጣቱን መውሰድ ይችላል፦ ማንም አልወጣም፣ ባተሯ ትመለሳለች፣ ቆጠራው ሦስት ቦልና አንድ ስትራይክ ይሆናል። ሯጯስ? ደረጃ 1 ላይ የጠየቁት ጥያቄ እዚህ ያድንዎታል። መጽሐፉ ሯጮችን የማያራምድ ከሆነ ወደ ሁለተኛ ትመለሳለች። የሚያራምድ ከሆነ ሦስተኛ ላይ ትቆያለች። በመጀመሪያው ሁኔታ አሰልጣኙ ሊያስብበት ይገባል። በሁለተኛው ግን ቅጣቱን የማይወስድበት ምክንያት የለም። አንድ መጽሐፍ ከሌላው ቢምታታ ውጤቱ ይህን ያህል ይለያያል።

ሌላ ምሳሌ። ያችው ባተር ንጹሕ ሲንግል መታች እንበል። እሷ አንደኛ ደረሰች፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረችው ሯጭ ሦስተኛን አልፋ ወደ ሆም ሮጠች፣ ሆም ላይ ተያዘች። አሰልጣኙ እየሮጠ ይመጣል፤ «ኢሊጋል ነበር፣ ሯጬ ትመለስ!» አይሆንም። ባተሯም ሯጯም ቢያንስ አንድ አንድ ቤዝ አግኝተዋል። በዚያው ቅጽበት ኢሊጋሉ ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ የሆነው የራሳቸው ነው። ምርጫ የለም። ይህን ጥሪ ፈጽሞ አይለውጡ፣ ሰውየው ግን እንዲረዳው በትዕግሥት ያስረዱት፤ ብዙ ሰው በእውነት አያውቀውም።

ደረጃ 7፦ አሰልጣኙ ሲመጣ

ዋናው አሰልጣኝ ብቻ ይምጣ። የተጀመረው እንቅስቃሴ ካለቀ በኋላ ታይም ይጠይቅ፣ ወደ ጠራው ዳኛ ይሂድ። ሆም ላይ ያለው ዳኛ ሳይጠራ እሱ ላይ መጮህ ከንቱ ነው፤ አንዱ ዳኛ የሌላውን ጥሪ መሻር አይችልም። አሰልጣኙ ሊጠይቅ የሚችለው የጠራው ዳኛ ከጓደኛው እንዲማከር ነው። መማከር አለመማከሩን የሚወስነው የጠራው ነው።

አሰልጣኝ ከሆኑ የመጀመሪያ ቃልዎ ጥያቄ ይሁን። ንግግሩ በግምት እንዲህ ቢሄድ ጥሩ ነው፦

«ዳኛ፣ ምን አየህ?»

«የገፋችበትን እግር ከፊት ተክላ እንደገና ገፋች።»

«ዘለለች ነው ወይስ እንደገና ተከለች?»

«ተከለች።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

አለቀ። ይህ ዳኛው ያየው ነው። ቢስማሙም ባይስማሙም ወደ ዳጋውት ይመለሱ። አሁን መልሱ ቢለወጥስ? «ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ ነበሩ» ካለዎት፣ የምትጫወቱበት መጽሐፍም መዝለልን ከፈቀደ፣ በር ተከፍቶልዎታል። ድምፅዎን ሳያነሱ «በዚህ ውድድር መጽሐፍ መዝለል ይፈቀዳል። ሕጉን አብረን ልናየው እንችላለን?» ይበሉ። «አልዘለለችም!» ብለው ከጀመሩ ግን ሊያሸንፉ የሚችሉትን ክርክር ትተው ወደማያሸንፉት ገብተዋል።

ዳኛ ከሆኑ ደግሞ ያዩትን ይናገሩ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ማብራሪያ በበዛ ቁጥር አሰልጣኙ የሚይዘው ክር ይበዛል። አንድ ጊዜ መልሰው ሰውየው ያንኑ ሲደግም «መልሼልዎታለሁ፣ እንጫወት» በቂ ነው።

ሌላ ዓይነት አሰልጣኝም አለ። ተቃራኒው ዳጋውት ውስጥ ቆሞ ልጅቷ በወረወረች ቁጥር «ኢሊጋል ነው! እዩዋት!» የሚል። ይህ ሰው ለሕጉ ተቆርቁሮ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ ልብ እየሰበረ ነው። አንድ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ እያየሁ ነው» ይበሉት። ከቀጠለ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። አሁንም ከቀጠለ ያስወጡት። በዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ፕሮቴስት

ፕሮቴስት፣ ማለትም መደበኛ አቤቱታ፣ የሚደረገው ሕግ በተሳሳተ መንገድ ሲተረጎም ወይም ሲሠራበት ነው። «እግሯ አልተነሳም» ተብሎ አይደረግም። «መዝለል ተፈቅዶ ሳለ ዳኛው በመዝለል ጠራ» ተብሎ ይደረጋል። «ሯጮች መራመድ ሳይገባቸው አራመደ» ተብሎም ይደረጋል።

ጊዜው አጭር ነው። የሚቀጥለው ኳስ ከመወርወሩ በፊት ለዳኛው መንገር አለብዎት። ኢኒንጉ ካለቀ የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾቹ ሁሉ ከሜዳው ከመውጣታቸው በፊት፣ የጨዋታው የመጨረሻ ኳስ ከሆነ ዳኞቹ ከሜዳው ሳይወጡ። ማታ ቤት ገብተው መጽሐፍ ገልጠው «ልክ ነበርኩ» ቢሉ አይረባም።

ዳኛው ፕሮቴስቱን ለሌላው አሰልጣኝና ለውጤት መዝጋቢዋ ያሳውቃል። ኢኒንጉ፣ ውጤቱ፣ ስንት እንደወጣ፣ ቆጠራው፣ ማን የት ቤዝ ላይ እንደነበረች፣ የሚጠቀሰው ሕግ፣ ሁሉም ይጻፍ። ፕሮቴስቱ ቢጸና ጨዋታው ከዚያው ቦታ ይቀጥላልና ያለ ጽሑፍ ማን ያስታውሰዋል? በብዙ ውድድሮች የዳኞች ኃላፊው በአካባቢው ስለሚኖር እዚያው ይወሰናል። አንዳንዶቹ የፕሮቴስት ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ከተሸነፉ የማይመለስ፤ ከመነሳትዎ በፊት ደንቡን ይዩ። ዳኛ ከሆኑም አይቀየሙ። ሰውየው ደንቡ የሰጠውን መብት ነው የተጠቀመው።

ወንበር ላይ ለተቀመጥን

ስልክዎ ላይ የቀረጹትን ቪዲዮ ይዘው ወደ አጥሩ አይሂዱ። በልጆች ጨዋታ ዳኛ የወላጅ ስልክ አይቶ አይፈርድም። ቪዲዮው ለልጅቷ ልምምድ ይጠቅማል፣ ለዚያ ያስቀምጡት።

በአማርኛ የተሳደቡት አይሰማም ብለው አያስቡ። በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም «ዓይን የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ!» ሲባል የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ዳኛው ራሱ ሐበሻ ሊሆን ይችላል። ባይሆንም ልጅዎ ሰምታለች።

ደግሞ ብዙ ሊጎች በትንንሾቹ ጨዋታ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆችን ከፍለው ያስዳኛሉ። እኛ ልጅ ታላቁን ያክብር ብለን ያደግን ሰዎች ነንና ልጃችን የሚሆን ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ ሲፈርድ «ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል» ማለት ይቀናናል። ሜዳው ላይ ግን ዳኛው እሱ ነው። የሐበሻ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ «ጎበዝ፣ በርታ» ቢሉት «እሺ ጋሼ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተመልሶ ይመጣል። ዳኛ ጠፍቶ ጨዋታ ሲሰረዝ ያየ ወላጅ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ቤት ስትመለሱ

ኢሊጋል የተጠራባትን ልጅ መኪና ውስጥ አይመርምሯት። ሲበርድላት፣ በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ፣ አሸዋማ ሜዳ ይፈልጉ። ከራበሩ ፊት ያለውን አፈር በሬክ ጥርግ አድርጉና አንድ ኳስ ብቻ ትወርውር። ከዚያ አብራችሁ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ።

የገፋችበት እግር ጣቷ መሬት ላይ እየተጎተተ ከሄደ ከራበሩ ጀምሮ ያልተቋረጠ ጭረት ታያላችሁ። ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎብጣል። ከዘለለች ጭረቱ ይቋረጥና ወደ ፊት ራቅ ብሎ ቀለል ያለ ምልክት ይኖራል። እንደገና ተክላ ከገፋች ግን መሃል ላይ የጫማዋ ጫፍ ገባ ያለበት፣ አፈሩ ወደ ኋላ የተፈነቀለበት ጎድጓዳ ቦታ ይገኛል። ሦስቱ አይመሳሰሉም። ልጅቷ ራሷ አይታ ትለያቸዋለች።

ችግሩ ጎድጓዳው ከሆነ በሙሉ ኃይል መወርወሯን ለጊዜው ትተው። ብዙ ጊዜ እግሯ እንደገና የሚተከለው መጀመሪያ ከራበሩ ላይ በደንብ ሳትገፋ ስለምትነሳ ነው። በግማሽ ኃይል፣ ከአጭር ርቀት፣ ኳሱ ስትራይክ ይሁን አይሁን ሳትጨነቅ፣ ከራበሩ መግፋቱን ብቻ እያሰበች ትወርውር። በየጥቂት ኳሱ አፈሩን ይደልድሉና እንደገና እዩት። ችግሩ የእጅ አለማቆየት ከሆነ ደግሞ ይቀላል፦ እጆቿ ሲገጥሙ አንድ ጊዜ አየር ታስገባ፣ ስታስወጣ ትጀምር። አንድ ሰከንዱ በዚያ ይሞላል፣ ዳኛውም የሚጠራው አያገኝም።